ጥር አስር፣ ሦስት መስመር

ዓመት ሙሉ ጻፍኩኝ ከአራዳ ጓዳ፣
የእትዬ አንጓችን ገቢና ዕዳ፤
ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ብረት፣ ቀለም፤
ከፋይሉ ውስጥ ግን ጌጥ የሚባል የለም።
ቀንና ስም ብቻ፣ ብር የቆመበት፣
ተራ ጽሑፍ ነው፣ ሰንጠረዥ የሌለበት።

በየመሐሉ አንዲት መስመር ቆማለች፣
እንደ አዘዞ ኬላ ትፈትሻለች፤
«ካዝናው ይህን ያህል ይዟል» ትላለች፤
ካልገጠመ በቀይ ትጮሃለች።

የከተራ ዕለት፣ ጥር አስር፣
ጮኸች።
ጎደለ፣ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ብር።

ታቦታቱ ወደ ቀሀ ሊወርዱ፣
ልጆች ነጭ ለብሰው ሲሞሉ መንገዱ፣
እትዬ አንጓች ቃል አልተነፈሱ፤
ዐይናቸውን ብቻ ወደ ቢያድግልኝ መለሱ።
ከጭልጋ የመጣ፣ ብረት የሚሸከም፣
ከጧት ፈቃድ ጠይቆ ታቦት ሊሳለም።

«ለአይሱዙው ከፈልኩ፣ ጧት ነው» አለኝ ቀስ ብሎ፣
የዛገ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ጥሎ።
«ደረሰኙን ላንተ ሰጠሁህ።»

እውነቱን ነው። ሹፌሩ ሞተር ሳያጠፋ
ሁለት ሰዓት ላይ ብሩን ቆጥሮ ጠፋ፤
ካዝናው የተቆጠረው ቀትር ላይ ነው።
ጽፌዋለሁ።
ግን ከታች ነው የጻፍኩት፣
ከፍተሻዋ ማዶ ነው የጣልኩት።

መዝገቡ ቀን እንጂ ሰዓት አያውቅም፤
ጥር አስር፣ ጥር አስር፣ ጥር አስር፣
ሦስቱም አንድ ቀን፤ «ማን ቀደመ?» ብሎ አይጠይቅም።
እንደ ዳዊት ደጋሚ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣
ያልደረሰበትን ወጪ ከየት ያውቀዋል?
ከግርጌ ድምሩን ብታየው ልክ ነው፤
ከመሐል የቆመችው ናት ገና ያልሰማችው።

ያችን መስመር ቆርጬ ከላይ ለጠፍኳት፤
አንድ ቁጥር አልነካሁ፣ ስፍራዋን ብቻ ለወጥኳት።
ቀዩ ጠፋ።
«እንግዲህ ተገኘ» አሉ እትዬ አንጓች፤
ነጠላቸውን አጣፉ፤ ካዝናዋም ተዘጋች።

የእኔም ይቅርታ መጣች፣ ከዚያ ዐይን በኋላ፤
ቆርጬ ላስቀድማት ብል ጠፋኝ መላ።

ቢያድግልኝ እጁን ታጠበና ሮጠ፤
ቀሀ ሲደርስ ታቦቱ ድንኳን ገብቷል፤ ሽኝቱ አመለጠ።

ጥር አስራ አንድ፦ ሱቁ ዝግ።
ጥር አስራ ሁለት፦ ዝግ።
ጥር አስራ ሦስት፦ ሚስማር፣ ሁለት ኪሎ።
የመዘነው ቢያድግልኝ።