የስህተት ዓምድ

አንገቴ ላይ ባጅ አለ፤ «ታይባ» ይላል ጽሑፉ፤
ጦይባ ነበርኩ ከቤት ስወጣ፣ በሩ ላይ ጦዬን ገፈፉ።
ከአራት መቶ አመልካች አሥራ ሁለት ተማሪ፤
ሐምሌን ሙሉ በአል ኾር የቅጠል ጨው ቆጣሪ።

አባቴ «የክረምት ትምህርት» ይለዋል፤
አርባ ሰባት ዲግሪ ላይ ቆሞ «ክረምት ገባ» ይላል።
ሃያ ዓመት እዚህ አገር የተማሪ አውቶቡስ ነድቶ፣
በሐምሌ ጠብታ ሳያይ፣ ቃሉን አልቀየረም ከቶ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ይቀሰቅሰኛል፤
ስድሳ ባዶ ወንበር ከኋላዬ ይንቋቋል፤
የሰው ልጅ ሲያደርስ የኖረ
እኔን ብቻ ጭኖ ከዶሃ በረረ።
«ዕቃ ነው?» አለ ዘበኛው፣ ባትሪውን መስኮቱ ላይ አብርቶ።
«ልጅ ናት» አለ አባቴ፤ ቆየት ብሎ፦ «የእኔ»፤ ድምፁን ጎላ አድርጎ።

ማንግሮቭ እግሩን ጨው ውስጥ ነክሮ ነው የሚኖር፤
ሥሩ ከጭቃው ሽቅብ ወጥቶ፣ እንደ ጣት ቆሞ፣ አየር ሲበደር።
የጠጣው ሲበዛበት በቅጠሉ ያልበዋል፤
ንጋት ላይ ስታየው ስኳር የነሰነሱበት ይመስላል።

የዶክተር ሱሚታ ሕግ አጭር ነው፦
«በጓንት ያዢ። ሰዓቱን ጻፊ። ያላየሽውን አትጻፊው።»
ከገጹ ቀኝ ጠበብ ያለች ዓምድ አሰመረችልን፤
«ይህቺ የስህተት ናት፤ ባዶ እንዳትሆን» አለችን።

ኢቃማ በታደሰ ቁጥር ስንት ቅጽ ሞልተናል፣ አባቴና እኔ፤
ለስህተት ቦታ የተወ ወረቀት አላየሁም በዓይኔ።

በሦስተኛው ሳምንት
ቅጠል ሃያ ሦስት እጥፍ ጨው ተገኘበት።
ኑፍ ጮኸች። ከሌላው ክፍል ሁሉ ሮጠው መጡ።
«ይህ ዛፍ ከወንድሞቹ ይለያል ማለት ነው» ተባለ፤
ኑፍ ለፖስተሩ ርዕስ ታወጣ ጀመር፣ በሦስት ቀለም።

እኔ ዝም።
ያን ዕለት ነፋስ አልነበረም፤ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ።
ጎንበስ ባልኩበት ከግንባሬ አንዲት ጠብታ
ወርዳ፣ ቅጠሉ ላይ ጠብ።
ማንም አላየም። ጓንቴ ንጹሕ ነበር።
ቱቦው ውስጥ ከተትኩት፤ ክዳኑን አጠበቅኩ።

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
አባቴን ልጠይቀው አሰብኩ፤ መሪው ላይ ነው፤
ሸሚዙ ጀርባ ላይ የትናንት ላብ ደርቆ
ነጭ መስመር ሠርቷል፣ የባሕር ዳርቻ ካርታ ይመስል።
ጨው ማንበብ ተምሬ የለ?
አነበብኩት። ሳልጠይቀው ደረስን።

በጠባቧ ዓምድ ውስጥ፣ ፊደሌ እየተንቀጠቀጠ፦
«ቅጠል 23፤ የእኔ ላብ።»

ሱሚታ አልተቆጣችም። አላመሰገነችም።
«ድገሚው» አለችኝና ወደ ማይክሮስኮፗ ተመለሰች።
ኑፍ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ፤ ሦስቱም ቀለም ቦርሳዋ ገባ።
በማግስቱ ሌሊት ግን፣ የሹፌሯን መኪና ትታ
ደጃፏ ላይ ቆማ የእኛን አውቶቡስ ጠበቀች።
ከስድሳው ወንበር መርጣ አጠገቤ ተቀመጠች፤
ጭቃው ጋ ስንደርስ ሻርፗን ፈትታ
ግንባሬን ሸብ አደረገችው፤ ቋጠሮዋ ያማል፤
አላላሁትም።

ሃያ ሦስት እንደ ወንድሞቹ ሆነ። ተራ ቅጠል።

የመዝጊያው ቀን አባቴ መጣ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፤
ፖስተሬ ፊት ቆመ፣ እጁን ከኋላ መልሶ።
«ይህቺ እያንዳንዱ አናት ላይ የተሰካችው ምስማርስ?»
«ምን ያህል ልሳሳት እንደምችል የምትናገር ናት፣ አባ።»
ጠጋ አለ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ለካት፤
መስታወት ሲያይ የኖረ ዓይኑን አጠበባት፤
«ታዲያ ምነው» አለኝ፣
«አሳጠርሻት?»