ከሚካኤል ወይስ ከገብርኤል

መሐል ሜዳ፤ ሚያዝያ ሃያ አምስት።
ከእናቶች ማቆያ፣ ከጥቁሩ ባና ውስጥ
ሽታዬ ትጠብቃለች።
እኔም ካርዷን ይዤ፣ ቀን እደምራለሁ፣
ጣቴ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና እጀምራለሁ።

«አበባሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»
«ከሐምሌ ሚካኤል ማግስት… ልብስ ሳጥብ ነበር።
ወይስ ከገብርኤል? እንጃ፤ ዝናብ ነበር፤
ሁሉም ቀን ዝናብ ነበር።»

ከሚካኤል ብነሣ፣ ጳጉሜንም ሳልዘል፣
ቀኗ ካለፈ ሳምንት፤
ከገብርኤል ብነሣ ገና ዛሬ ደረሰ።
ማሽኗም ዘግይታ፣ በስምንት ወሯ ነው ያየቻት፤
«ሁለት ሳምንት ወዲህ፣ ሁለት ሳምንት ወዲያ» ብላ
እንደ ፈሪ ሽማግሌ መሐል ላይ ቆመች።

አማቷ እማማ የውብዳር ከደጁ ተቀምጠው
«ገብስን እሸቱን ማን ያጭደዋል?» አሉኝ፤
«ሲደርስ ራሱ አንገቱን ይደፋል።»
እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ፤
«አንገቱን ደፍቶ የከረመ በነፋስ ይረግፋል።»
ዝም አሉ። ዝም አልኩ።

ያልነገርኳቸው አለ።
አምና በኅዳር ከጓሳ ማዶ የመጣችው፣
«ጥቂት ቀን እንታገሥ» ብዬ የመለስኳት፣
በአራተኛው ቀን በቃሬዛ፤
ሽርት ውሃው አረንጓዴ፤
ማዳመጫ ቀንዱን ከሆዷ አስደግፌ
ጆሮዬን ብደፋ
የራሴን ደም ብቻ ሰማሁ።

ሌላም አለ፤ በጥር ያቻኮልኳት።
በሩ ገና የጠና፣
ሁለት ቀን ሙሉ ጠብታ አፍስሼባት፣
በጣርማ በር ጭጋግ አምቡላንሱ ሲዳብስ
ቢላዋ ፍለጋ እስከ ደብረ ብርሃን።
ሁለቱም በሌሊት ይመጣሉ፤
አንዷ በዚህ ጎን፣ አንዷ በዚያ ጎን፤
እጅ እጄን ይይዙኛል።

ሐኪሙ «አርባ አንድ ሳምንት ነው፤ ነገ ይጀመር» ብሎ ፈረመ።
ለሽታዬ ነገርኳት፦ መርፌ በክንድ፣ ግሉኮስ ከላይ፣
ውስጡ ምጥ የሚጠራ መድኃኒት፤
ሊበረታብሽ ይችላል፤ ላይሰማም ይችላል፤
እንቢ ማለት ያንቺ ነው።
ባናውን ወደ አገጯ ሳበች።
«እንግዳ ሲዘገይ በር ከፍቶ መጠበቅ ነው
ወይስ መንገድ ወጥቶ መቀበል?»
መልሴን አልጠበቀችም።
«እንውጣ» አለች።

ንጋት። ስምንት ጠብታ በደቂቃ።
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሆዷ ከእጄ ሥር ጠጠረ።
«ምነው ፈጠነ?» ብላት ፊቷን አዞረች፤
«ከሌሊት ጀምሮ ወገቤን ይቆርጠኝ ነበር።
ታዲያ ለወገብ ብዬ ሰው ልቀስቅስ?»

ከቀትር በፊት አለቀሰች። ሴት ናት።
ጥፍሯ ረዝሟል፤ ለሚካኤል ይመሰክራል።
ትከሻዋ ላይ ነጭ ቅባት አለ፤ ለገብርኤል።
እማማ የውብዳር ሰባት ጊዜ እልል አሉ፤
ለወንድ እንደሚባለው፤ ቆጥሬያለሁ።
ተሳስተው እንደሁ አልጠየቅኩም።

መዝገቡ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤
«ምጥ በራሱ»፣ «ምጥ በመድኃኒት»።
እስክሪብቶዬን አነሣሁ። አልጽፍ አለች፤
የመሐል ሜዳ ብርድ ቀለም ያደርቃል።
ወደ አፌ አስጠግቼ
በትንፋሼ አሞቃት ጀመር።