ነጭ ጀርባ

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከባጃጆች ተራ፣
ፎቶ ቤት አለችኝ፤ መስኮቷ ተራራ።
በሯ ወደ መንገድ፣ አቧራና ጩኸት፣
መስኮቷ ወደ ዴዶ፣ የጉም የደን ብዛት።
ግድግዳው ላይ እኔ፣ በጥቁር ካባ ሥር፣
ውኃ ምህንድስና፣ በማዕረግ፣ ያ ሁሉ ክብር፤
ከእኔ ይልቅ ፎቶው ሥራ ፈት አልሆነም፤
የቤቱ ናሙና ነው፣ አንድም ቀን አልወረደም።

ከሩቅ የመጣ ሰው መስኮቴን ተደግፎ፣
«ታድለህ!» ይለኛል፣ ትንፋሹን አሳርፎ።
ዝም እላለሁ እኔ።
የቤት ኪራይ በጉም አይከፈል ነገር፤
ባለወፍጮው አይቀበል የዋንዛ ጥላ በብድር።

ማክሰኞ ነበረ፤ ዝናቡ አረፋፍዶ፣
አንዲት ልጅ ገባች፣ የመጣች ከዴዶ፣
በአይሱዙ ጀርባ፣ ከድንች ጆንያ ጋራ፤
ጫማዋ ላይ ቀይ አፈር፣ የመንገዱ አሻራ።

ነጂባ አባ ዋጂ።
«አራት ጉርድ ፎቶ፣ ለፓስፖርት» አለችኝ።
«ዕድሜሽ ስንት ነው?» ብላት፣
«ለየትኛው ወረቀት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ድንቹ ማሳ ላይ በሰበሰ፣ መኪናው ቀርቶበት፤
ለተረፈውም ደላላ እንደ ልቡ ዋጋ ቆረጠለት።
ወንድሟ ድንጋይ ጠራቢ፣ ታላቋ ጅዳ ናት፤
ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሰችው እሷ ናት።
(ታላቋንም ያነሣሁ እኔው ነበርኩ፤
ስሟን ስትነግረኝ ነው ያስታወስኩ።)
ይህን ሁሉ አወራችኝ፣ ሻሿን እያስተካከለች፣
እንደ ሰው ወሬ፣ ድምጿን አንዴም ሳትሰብር፣ እየተረጋጋች።

ከዚያ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች።
«ያ ይታያል?» አለች፣ በጣቷ ጠቁማ፣
«ከዝግባው በላይ ነን፤ ይግባልኝ እሱማ።»

«አይሆንም» አልኳት፤ «ነጭ ጀርባ ነው ሕጉ።»
«ለምን?»
እኔ ምን አውቃለሁ? ይወቁት የሚፈልጉ።
አንሶላ አወጣሁ፣ ከሁለት ምስማር ሰቀልኩ፤
ዴዶን ከነዝግባው፣ ከነቆርቆሮው፣ ሸፈንኩ።

ሳቀች።
«ድሮም አላየውም፤ ስኮተኩት አጎንብሼ፣
ገበያ ስወርድም እሱ ከኋላዬ፣ እኔ በዝናብ ጆንያ ለብሼ።»
«ቀና በይ» አልኳት።
ቀና አለች። ያኔ ነው ያነሣኋት።

ቅዳሜ ደግሞ ጅሬን ወጣሁ፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች ጋራ፤
ባንክ ነው፤ ካሌንደር ሊያሠሩ ነው፤ የፈለጉት ተራራ።
«ያቺ ጎጆ ትውጣልን፤ ሰውዬውም ከነላሙ፤
ንጹሕ ይሁን» አሉና ከትከሻዬ በላይ ቆሙ።
ጠበቅሁ። ሰውዬው አለፈ። ላሟም አለፈች፣ ተጎትታ።
ንጹሕ ሆነ።
የሁለት ወር ኪራይ ከፈሉኝ፣ ለዚያች ለአንዲት ጸጥታ።

እንግዲህ ሥራዬ ይህ ነው፤
ለአንዱ ሰውን ከተራራ፣ ለሌላው ተራራን ከሰው
እየፈለቀቅሁ መሸጥ።

አንድ ማታ ሞከርኩ፣ መብራት ሳይጠፋብኝ፣
ነጂባን በኮምፒውተሬ ከዴዶ ላገጣጥም፤
የእሷ ብርሃን ከግራ፣ የተራራው ከቀኝ፣
ጥላቸው አይገጥምም።

ጉርድ ፎቶ በአንድ ወረቀት ስምንት ሆኖ ይወጣል።
አራቱን ወሰደች።
አራቱ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፣ ከሌሎቹ ጋር፣ በላስቲክ ታስረው፤
የዴዶ፣ የሰቃ፣ የጎማ፣ የማና ልጆች፣
ሁሉም ቀና ብለው፣
ከኋላቸው ምንም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሁለት ልጆች በሬ ላይ ጭቃ ያራግፋሉ።
አንሶላውን ልሰቅል ተነሣሁ፤
ለካ ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ
አላወረድኩትም።