ከማርያም እስከ ማርያም

"ከኅዳር ጽዮን እስከ አስተርዮ" ይል ነበር ጋሽ ላቀው፣
"ስልሳ ቀን ነው፣ ስንዱ፤ ስልሳውን እወቂው።
ከዚያ ወዲህ፣ ከዚያ ወዲያ፣ ያሻሽን ዝሪ፤
በመሐሉ ግን በጎመንና በነጭ ሽንኩርት እደሪ።"

ግንፍሌ፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፣
ከግቢው እስከ ወንዙ ሠላሳ አንድ ደረጃ፣ ድንጋዩ ሟልጦ።
ሠላሳ ዓመት ቴሌግራም አመላልሶ፣
ከአራት ኪሎ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ቀበና ደርሶ፣
በስተርጅና ሠላሳ አንድ ደረጃ አቃተው።
አትክልቱ ከታች፣ እሱ ከላይ፤ ማን ወርዶ ይየው?

እኔ ነበርኩ ዓይኑ።
ተከራዩ፣ የሌሊት ተረኛ ነርስ፤ ከስድስት ኪሎ በማለዳ
በእግሬ ስመለስ፣ በአቋራጩ፣ በጓሮው ሜዳ፣
እሱ ደጃፉ ላይ ነው፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣
እስክሪብቶው ከጆሮው፣ ደብተሩን ለጉልበቱ አቅርቦ።
"ደህና አደርሽ" የለ። "ሣሩ ነጣ?" ይለኛል።
"ነጥቷል" ስለው ይጽፋል። "አልነጣም" ስለውም ይጽፋል።

ብርድ ውሃ ነው፣ ይል ነበር፤ ቁልቁል ነው የሚሄደው።
ከላይ የሆቴሉ ጽጌረዳ እየሳቀ፣ የእኛን ቲማቲም ነው የሚያነደው።
ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያነድ፣
"እርጥቡን ቅጠል ለጽዮን አቆዩልኝ!" እያለ ይጮኻል እንደ እብድ።
"ጭስ የችግኝ ብርድ ልብስ ነው።" ሰው ይስቅበታል።
አንድ ጆንያ ግን ሁልጊዜ ይቆይለታል።

በግንቦት አረፈ። ልጁ ከአዳማ መጥታ
ሬዲዮኑን ወሰደች፣ ደብተሩን ለእኔ ትታ።

አሁን ነሐሴ ነው። ቆርቆሮው በዝናብ ይደበደባል።
ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ጣቴ ቀን ያሰላል።
ድንች አይሆንም፤ ለዘንድሮ አርፍጃለሁ።
ቲማቲሙን ለአስተርዮ ማግስት በጣሳ አፈላለሁ፣
ፀሐይ ውጦ በሚያድረው፣ በአዲሱ ፎቅ ግንብ ሥር።
(ፎቁ ከቀትር በኋላ ጥላውን ይጥልብናል፤ ግንቡ ግን ይሞቃል፤ ይቅር።)
ፎሶሊያ ስልሳ ቀን ይፈልጋል፣ ተዘርቶ እስኪለቀም፤
ከጽዮን ስልሳ ወደ ኋላ፣ ግሸን ማርያም።
ቆስጣው የትም ይበቅላል። ካልሆነም ጎመን በጤና
ብዬ ደብተሩን ልዘጋ ስል፣ አንድ ገጽ አገኘሁና
ቆምኩ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ኅዳር ዐሥራ አራት።
የሲታጠኑ ጭስ ገና ከሰፈሩ አልወጣም ነበር።
ሌሊቱን አንድ ሕፃን እጄ ላይ አርፎ፣ ከጫማዬ በቀር
ምንም ሳላይ ነው የመጣሁት። "ሣሩ ነጣ?" ሲለኝ
"አልነጣም" አልኩት፤ አልጋዬ ብቻ ነው የታየኝ።

በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈቱ እንዲህ ይላል፦
"ኅዳር ፲፬። ስንዱ አልነጣም አለች።
ሦስት ሰዓት ላይ ወረድኩ። ፎሶሊያው ጠቁሯል።
ውርጭ ነበር። ልጅቷ ደክሟታል።"

ሠላሳ አንድ ደረጃ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣
ቅጠሉን በመዳፉ ዳስሶ፣ ደግሞ ሽቅብ እየታመቀ።
ማታ ስነሳ ሻይ ሰጠኝ። ስለ ፎሶሊያው ቃል አልተነፈሰም።
ሱሪው በጭቃ ተለውሶ አየሁት፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ግሸንን ሰረዝኩ። ሰባት ቀን ቀንሼ፣
መስከረም ዐሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ፣ ቀኑን በቀይ ከብቤ።
ከሥሩ ምን እንደምጽፍ አላወቅኩም፤ ባዶውን ተውኩት።
ከፒያሳ ያመጣሁትን ዘር ሣህን ላይ ዘረገፍኩት፣
ብርሃኑን አቅርቤ፣ አንድ በአንድ።
መቶ ዐሥራ ሁለት ፍሬ ነው።
ዐሥራ አንዱ ነቅዟል።
አይቼ ነው።