አንቀልባ

አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
የክፍል ሰባት ደወል ከወንበር አስነሣኝ።
ሳስካቱን ጥቅምት ነው፤ ወንዙ ድምፁን ውጧል፤
ኦረስት አልተኛም፣ ጣሪያው ላይ አፍጥጧል።
ጣሪያው ላይ ሐዲድ አለ፣ ባቡር የማይሄድበት፣
ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ሰው የሚንሳፈፍበት።

ድሮ ይህ አልነበረም።
ድሮ ሐዲዱ የኛ ወገብ ነበር።
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስንል ማሪቪክ «ሦስት» ላይ ቀረች፤
እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ፤ ከዚያ ዝም አለች።
ዛሬ መድኃኒት ቤት ተቀምጣ ትሠራለች፣
እስክሪብቶ ሲወድቅባት ሰው ትጠራለች።

ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ነው ያሉቱ
ኦረስትን ብቻቸውን አላነሡም በሌሊቱ።
አላፍርም። ሞተሩ ይሸከመው።

ወደ ግራ አዞረዋለሁ፣ ጨርቁን ከጀርባው አስገባለሁ፤
ወደ ቀኝ፤ እዘረጋለሁ።
ማሰሪያውን በጭኖቹ መሐል አመሳቅዬ፣
አረንጓዴውን ቀለበት መንጠቆው ላይ አውዬ፣
ዴንግ እግሩን ደግፎ፣
«ዝግጁ ነህ?» እላለሁ።
«ስንዴ አይጠየቅም» ይላል።

ቁልፉን ስጫነው ሰማያዊው ጨርቅ ይሞላል፤
የሰማንያ ዓመት ጉልበት ወደ ደረት ይጠጋል።
አንቀልባ ነው ይሄ፤ ግን ጀርባው የማነው?
የማንም አይደለም፤ ባትሪ ነው ያዘለው።

አርባ ዓመት ጎተራ በር ላይ ሚዛን ሲጠብቅ የኖረ፣
የጭነት መኪና ሙሉውን፣ ከዚያ ባዶውን፣ ሲቀንስ ያደረ፣
መንጠቆው ላይ ቁጥር ሲበራ አንገቱን ያቀናል።
«ስንት አለ?»
«ዘጠና አራት።»
«ጨርቁን ቀንሺ» ይላል፤
«ባዶው ካልተመዘነ ገበሬው ይበደላል።»
«እሺ፣ ነገ» እለዋለሁ።
ሌላ ደወል ይጮኻል፤ እሄዳለሁ።

በኅዳር ሰማንያ ስድስት።
በጥር ሰባ አንድ፤
ዴንግ ቁጥሩን አይቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።
ኦረስት ግን «ጨርቁን» አለ፣
እንደ ወትሮው፣
ድምፁ ከባትሪው ጥሪ እያነሰ።

የካቲት ላይ፣ ከሁለት ቀን ዕረፍት ስመለስ፣
አልጋው በአዲስ አንሶላ ተወጥሮ ነበር።
ሰማያዊው ጨርቅ ወንበር ላይ ተጣጥፎ
ወደ እጥበት የሚወስደውን ይጠብቃል።

በሩን ገርበብ አደረግሁ።
አራቱን ቀለበት ሰቀልሁ፣ አረንጓዴውን፣
ዴንግ ቢያየኝ ምን እንደምለው ሳላውቅ።
ቁልፉን ተጫንሁ። ተነሣ።
እግር የሌለው ነገር ነውና ትንሽ ተወዛወዘ፤
እስኪረጋ ቆየሁ፣
እሱ እንደሚያደርገው፣ እጄን ሳላስጠጋ።

አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ።

ጮክ ብዬ አነበብሁለት።