ጨው የነካው ጅማት

ደብዳቤው ሲመጣ ሰኞ ገበያ ነው፤
መብራት ሳይጠፋበት ባለሱቁ አተመው።
አምስት ገጽ ወረቀት ከማሽኑ እንደወጣ፣
ሐዋ በሻርፗ ጠቅልላ ይዛው መጣ፣
ከፒያሳ ቁልቁል ትንፋሽ አጥሯት ሮጣ፣
ከበሩ ቆመችና፣ «አባ፣ ተቀበሉኝ!»
እኔ ሸክም መስሎኝ እጄን ዘረጋሁኝ።

ለካ ተቀባዮቹ ሌሎች ኖረዋል።
«የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ባሕር ዳር ላይ» ስትል፣
ተመስገን አልኩኝ፣ ጣና ቅርብ መስሎኝ፣
የአንድ ቀን አውቶቡስ፣ ስንቁም ሳይከብደኝ።
ሳቀች። «ያ አይደለም፤ የባሕሩ ዳር ነው፣
ጨው ያለው፣ ሰማያዊው፣ ሜዲትራኒያን ነው፤
ከተማዋ ቫሌንሲያ።» ስሟን ደገምኩት፣
እንደ ትኩስ ድንች ባፌ አገላበጥኩት።

ሥዕሉን አሳየችኝ። ሰፊ መንገድ አለ፣
ግራ ቀኙ ሁሉ ብርቱካን የበቀለ፣
ማንም የማይለቅመው፣ ከዛፉ ሥር ረግፎ፣
ጫማ የሚረግጠው፣ ልጅ የሚሄድ አልፎ።
«መራራ ነው» አለች። አላመንኩም እኔ፤
መርሳ ላይ አውቶቡስ ቆሞ፣ ሳይረግብ አቧራው፣
ዘንቢል ከመስኮቱ ሲንጠራራ ያየው፣
ብርቱካን ሲረገጥ አይቀበልም ዓይኔ።

ማታ ማታ ደግሞ፣ ድንጋይ ደረጃ ላይ፣
ኮሪያዊት በቫዮሊን፣ ብራዚሉ በከበሮ፣
ሊባኖሳዊው ዑዱን ከጭኑ ላይ አኑሮ፣
አንዱ ያንዱን ዜማ ሲሰርቅ፣ ሲመልስ አድሮ፣
ፖሊስ እንኳ ቢመጣ አይከለክልም አሉ፤
ቆቡን ደፍቶ ይቆማል እስኪያልቅ ድረስ ውሉ።

እማማ ዘነቡ ከአጥር ማዶ ሰምተው፣
«ዘፈንን በትምህርት? ምን ያጣ አገር ነው!
እዚህ ሠርግ ይበቃል» አሉና ተሳለቁ።
ደብቀው ግን ማታ፣ በመሐረብ ቋጥረው፣
ሦስት መቶ ብር ላኩ፣ ለቪዛው ነው ብለው።

እኔም በዘመኔ፣ በጨርቃ ጨርቅ ቤቱ፣
ኮምቦልቻ ሳለሁ፣ በኪነት ምሽቱ፣
ትራምፔት ነፍቻለሁ፣ ጉንጬ እስኪወጠር፤
ከሁሉ የራቀው የደረስኩበት ዳር
ሐይቅ ነው፤ ወፎቹ በድምፄ ሲበሩ፣
አለቃው ሲቆጣኝ፣ ሲያጨበጭብ አገሩ።
ስለዚህ ባሕር ሲሉኝ ሐይቅን ነው የማስበው፣
ጨው የሚባል ነገር ወጥ ውስጥ ነው የማውቀው።

ፈተናዋን አይቻለሁ፣ ቆሜ ከኋላዋ።
ሰውየው በስክሪኑ፣ ጸጉሩ ሽበት፣ ጨዋ፣
«የከተማሽን» አላት፤ አምባሰልን ያዘች።
ከመሃል ኔትወርኩ ቀጥ አለ፤ ልጄ ደነገጠች።
መስመሩ ሲመለስ
ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል፤
ዝምታውን ለካ ከዜማው ቆጥሮታል።

እኔ የፈራሁት ሌላ ነው፤ ጅማቱ።
በጨዋማ ነፋስ ላልቶ ቢቀር ቅኝቱ?
«አብሽር፣ አባ» አለች፣ «ጦሳ ሥር አድጌ፣
በጉም የረጠበ ክራር ተሸክሜ፣
ቀን ሦስቴ ሲረግብ ሦስቴ ወጥሬ፣
ባሕር ምን ያመጣል?»
መለሰችልኝ እንጂ አላሳመነችኝም።

ትናንት፣ ቤቱ ሲተኛ፣ ከጓዳ ጨው ጨለፍኩ፣
በኩባያ ውሃ አሟሙቼ ደበቅኩ፣
ከክራሯ ላይም ሁለተኛዋን ጅማት
እንደ ሌባ ፈትቼ ዘፍዝፌ አሳደርኳት።

ጠዋት በር ስከፍት ከተማው ጠፍቷል፤
ጉም ከጦሳ ወርዶ ጣሪያ ሁሉ ውጧል።
የሸዋ በር ሚናራ ከወገቡ በላይ፣
የመድኃኔዓለምም ጉልላቱ ብቻ፣
ተንሳፈው ይታያሉ።
ከሥር አንድ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ
የት እንዳለ ሳይታይ ወደ አራዳ ቀዘፈ።

በረንዳው ላይ ቆሜ ጅማቷን መለስኳት፣
ወጥሬ፣ ጠምዝዤ፣ አንዴ ብቻ ነካኋት፤
ትንሽ ሻከረች እንጂ አልተበጠሰችም።

ከመኝታዋ ሆና፣ በእንቅልፍ ልቧ ገና፣
«አባ» አለች ሐዋ፣ «ዝቅ ብላለችና
ሁለተኛዋን ጅማት ትንሽ ከፍ ያርጓት።»