ቀለም ያልዘለቀው

የየካቲት ማታ፤ ሪጋ ላይ ወንዙ ረግቷል፣
ከመስኮቴ ግርጌ ትራሙ ያቃስታል።
ጠረጴዛዬ ላይ ሲንተሳይዘሩ፣ ገና ፊት ያልወጣለት፣
ሠላሳ አራት መዘውር የተተከለበት ራቁት ብረት፣
ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል፣ እኔ ልወስንለት።

ታሊቫልዲስ መጣ፣ መሐንዲሱ፣
የብየዳ ሽታ ከነልብሱ፤
«እኩል አድርጊያቸው» አለኝ፣ «ሠላሳ አራቱንም፣
እኔ ያልደከምኩበት አንድ ሽቦ የለም።
ሞገዱን? ማጣሪያውን? ወይስ ማሚቶውን?
የትኛውን ልጄን ላሳንሰው? የቱን?»

እሺ አልኩት። እኩል ክብ፣ እኩል ርቀት፣ እኩል ፊደል፣
ሁሉንም ኳልኳቸው፣ ሠርግ የሚሄዱ ይመስል፦
ቀይ ለማጣሪያው፣ አረንጓዴ ለሞገዱ፣
ወይን ጠጅ ለማሚቶው፣ ቢጫ ለድምፁ አወራረዱ።
ራቅ ብዬ ሳየው ዓይኔ ማረፊያ አጣ፣
ሁሉም ሻጭ የሆነበት ገበያ፣ አንድ ገዢ ያልመጣ።

ሁሉ ከጮኸማ ማን ማንን ይሰማል?
ሁሉ ከነገሠስ ለማን ይሰገዳል?

ሐሙስ ዕለት ኢልግቫርስን ጠራነው፣
ሃያ ሁለት ዓመት ስቶክሆልም በሚሄደው መርከብ ላይ ሲያስጨፍር የኖረው፤
ጣቱ ወፍራም፣ ጆሮው ስል፣ ቃሉ ጥቂት፣
ካፖርቱን ሳያወልቅ ተሰየመ ከመሣሪያው ፊት።

«ቀዩን አዙረው» አልኩት። እጁ ተነሣ፣
አየር ላይ ቆመ፣ መንገዱን እንደ ረሳ፤
አረንጓዴውን ያዘ። ድምፁ ተንሻፈፈ፣
ታሊቫልዲስ ሳቀ፤ ፊቱን ሲያይ ግን ሳቁን አጠፈ።

«ስሚኝ» አለ ኢልግቫርስ፣ «የማፍርበት አይደለም፣
እኔን ከልጅነቴ ቀለም ዘልቆኝ አያውቅም።
አስተማሪዬም እንዲሁ ትል ነበር፣ እሷ ሌላ ብታስብም።
ቀይና አረንጓዴ ለኔ አንድ ጭቃ ናቸው፣
የጫካ እንጆሪና ቅጠሉን በእጄ ነው የምለያቸው።
መርከቡ ላይ መብራት ጠፍቶ ማዕበል ሲያንገላታን
እጄ አንድ ነገር ነው የሚፈልገው፣ ድምፁን የሚከፍት የሚዘጋውን።
እሱን ስጪኝ። ሌላው ይጠብቅ ተራውን።»

ያን ሌሊት ቀለሙን አወረድኩ፣ አንድ በአንድ፣
ዝናብ እንደመጣበት ሰው፣ ልብሱን እንደሚሰበስብ ከገመድ።
ሰሌዳውን አመድማ አደረግሁት፣
የወንዙን በረዶ፣ አመሻሽ ላይ ያየሁት።
ትንንሾቹን መዘውሮች ከመደቡ ጋር አቀራረብኳቸው፣
ያንሾካሹኩ እንጂ አይጩኹ ብዬ ተውኳቸው።
ማጣሪያውን ግን መዳፍ እስኪሞላ አሳደግሁት፣
ግንባሩ ላይ አንድ ነጭ ጭረት አሰመርሁለት፣
ዙሪያውንም ሁለት ጣት ባዶ ተውኩለት፤
ትልቅ ሰው ሲገባ ገለል እንደሚባልለት።

ታሊቫልዲስ አየና «ማሚቶዬ የት ሄደ?»
«አለ። ፈልገው» አልኩት።
በሩን ዘግቶ ወረደ፤
ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

ሰኞ ኢልግቫርስ መጣ፣ መብራቱን ራሱ አጠፋ፣
እጁ በጨለማው ውስጥ አንዴም ሳይጠፋ
ባዶውን ተሻገረ፤ ባዶው መንገድ ሆነለት፣
መዘውሩም እንደ ቤቱ በር እጀታ እጁን ሞላለት።
ድምፁ ቀስ ብሎ ተከፈተ፣ ከጉም እንደሚወጣ መርከብ፣
የሻይ ብርጭቆዬ ነዘረች፤
ታሊቫልዲስ ወንበሩን ሳበ፣ ቀረብ።

ኋላ፣ የካፖርቱን ቁልፍ እየቆለፈ፣
«ምን ቀለም ነው?» አለኝ።
«አመድማ።»
ቆም ብሎ ዳሰሰው።
«ይሄስ ዘለቀኝ» አለና ደረጃውን አለፈ።